በጥርስ ስም የታከመ ጆሮ

«ምንሽን ነው ያመመሽ?» ስባል ለምን «ጥርሴን» አልኩ?

ከደሴ ሆስፒታል ከተመለስኩ ወራት አልፈዋል፤ ይህን ጥያቄ ግን ዛሬም አልመለስኩትም። ወገቤን ማለት እችል ነበር። ኩላሊቴን ማለት እችል ነበር። ጨጓራዬን ብል ደግሞ ማንም ሁለተኛ አይጠይቀኝም፤ በእኛ አገር ጨጓራውን የማያመው ማን አለ? እኔ ግን አንድም የተነቃነቀ ጥርስ ሳይኖረኝ ጥርሴን አልኩ። ያቺ ቃል ያመጣችብኝን ሁሉ እንደየቀኑ እጽፋለሁ። የምጽፈው በአምባሰል ገደል ሥር ላሉ ጎረቤቶቼ ነው። ብዙዎቻችን ከውጫሌ ገበያ ወዲያ እግራችንን አናነሳም፤ ሆስፒታል የሚባለውንም የምናውቀው በቃሬዛ ወርደው ስለሄዱ ሰዎች ከሚወራው ነው። በእግሩ ሄዶ በእግሩ የተመለሰ ሰው ያየውን ቢጽፍ አይከፋም ብዬ ነው።

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጣሁ። ወንድሜ አሊ የማር ቆርቆሮዬን ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ ወረደ። «ስትደርሺ ደውይ» አለኝና በቀኝ ጎኔ ቆሞ ተሰናበተኝ። ሁልጊዜ በቀኜ ነው የሚቆመው። ለምን እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ተነጋግረንበት ግን አናውቅም።

ግራ ጆሮዬ መግል መፍሰስ የጀመረው ገና ልጅ ሳለሁ ነው። ይፈሳል፣ ይደርቃል፣ ጉንፋን ሲይዘኝ እንደገና ይፈሳል። የጤና አዳም ጭማቂ ገባበት፣ ለብ ያለ ዘይት ገባበት፣ የአራስ ጎረቤታችን የጡት ወተት ሳይቀር ገባበት። የገባው ሁሉ በፍቅር የገባ ነው፤ ጆሮው ግን አልዳነም። ሽታ ነበረው። ሽታውን መጀመሪያ ያወቁት ሌሎች ናቸው፤ እኔ ከፊታቸው ላይ አነበብኩት። አልሰማ ሲለኝ ደግሞ «አይገባትም» ተባለ፤ ስለዚህ ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ልጅ ማዘል ሲጀምሩ ነው። እዚያም የምቀመጠው ለብቻዬ፣ መስኮቱ ሥር ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፌን አባቴ ከሐይቅ ገበያ አመጣልኝ። የመኪና ጥገና መማሪያ ነበር። መኪና ወደማይደርስበት ቤት ያን መጽሐፍ ለምን እንዳመጣው ሳልጠይቀው ሞተ። መጽሐፉን ግን ከዳር እስከ ዳር ነው ያነበብኩት፤ መኪና ላይ ሳልወጣ ማርሽና ፍሪሲዮን ለይቼ አውቅ ነበር። ዛሬ የትምህርት ቤታችንን የመጻሕፍት ክፍል የምጠብቀው እኔ ነኝ።

ከዚህ ጉዞ በፊት ደሴ ተመላልሼ ታይቻለሁ። የጆሮዬ ታምቡር ተቀዷል፤ ቀዳዳው እንግዲህ በራሱ አይዘጋም፤ ከተተወ ኢንፌክሽኑ አጥንቱን እየበላ ወደ ውስጥ ይሄዳል አሉኝ። በቀዶ ጥገና ሊጠገን ግን ይችላል። ለሐኪም ማሳየቱ አልከበደኝም፤ ሐኪም ሥራው ነው። ሌላ ሰው ግን ሲነገረው ፊቱ ይለወጣል።

ሚኒባስ ውስጥ የማልለውጠው ቦታ አለኝ፤ ከሾፌሩ ኋላ፣ በመስኮቱ በኩል። እዚያ ስቀመጥ ግራ ጆሮዬ ለመስታወቱ፣ ቀኙ ለሰዉ ይሆናል። ረዳቱ ግን አንዲት ነፍሰ ጡር አስገብቶ እኔን ወደ ኋላ ወንበር አሻገረኝና ግራዬን ለሦስት ወሬኛ ነጋዴዎች ሰጠው። ለማልሰማው ነገር ራሴን እየነቀነቅሁ ሄድኩ። ራስ መነቅነቅ የእኔ ዓይነት ሰው ሙያ ነው፤ ሰው ሲስቅ መሳቅም እንዲሁ። አጋማሽ ላይ መኪናው ቆመ። ፍሪሲዮኑ ማለቁን ከእግሬ ሥር በነበረው ንዝረት ቀድሜ አውቄው ነበር፤ ግን ማን ይጠይቀኛል? መንገድ ዳር ተቀምጠን ሌላ መኪና ስንጠብቅ አንደኛው ነጋዴ ከማሽላ እንጀራው ቆርሶ ሰጠኝ። ሁለተኛው የውሃ ላስቲኩን አቀበለኝ። ሦስተኛው «ይቺ ሴትዮ ወይ መናገር አትችል ወይ ኩራተኛ ናት» አለ። ይህን የሰማሁት በቀኜ ስለተቀመጠ ነው።

ሐይቅ ስደርስ ሁልጊዜ የሚያስፈራኝ ሜዳነቱ ነው። እኛ ዘንድ ገደሉ ድምፅ ይመልሳል። ከላይ የሚጣራ ሰው ድምፁ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ ስለዚህ የተጠራ ሁሉ ዞር ዞር እያለ ነው ጠሪውን የሚፈልገው። በአምባሰል ሥር ባለ ሁለት ጆሮውም ባለ አንዱም እኩል ነው። ሐይቅ ላይ ግን ድምፅ ቀጥ ብሎ ይመጣል። ባጃጅ ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ሁሉ ወደ ዳር ይሸሻል፤ እኔ ወደ ባጃጁ እሸሻለሁ። የዚያን ዕለትም አንዱ ባለባጃጅ ፍሬን ይዞ፣ «እናት፣ መሞት ካማረሽ ውሃው እዚያ ነው!» ብሎ በአገጩ ሐይቁን አሳየኝ።

ያረፍኩት እትዬ ሉባባ ቤት ነው። ባለቤታቸው ጋሽ እንድሪስ የአባቴ የገበያ ወዳጅ ነበሩ፤ አባቴ ማር ይዞ ሲወርድ የሚያድረው እዚያ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ዕድሜያቸውን ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረዋል፤ አሁን ልጆቻቸው ያጠምዳሉ፣ እሳቸው ዳር ቆመው ይመክራሉ።

«ዘምዘም! የሙሐመድ ልጅ!» አሉ እትዬ ሉባባ በሩ ላይ አቅፈው እየሳሙኝ። «ኧረ በአላህ፣ እንዲህ አርጅተሻል?»

«እትዬ ሉባባ፣ እንዴት ከረሙ?»

«እኔማ እንደምታይኝ ጎርምሻለሁ። ግቢ፣ ግቢ። ደሴ ምን ልትሠሪ ነው?»

«ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ።»

«አላህ ያሽርሽ! ምንሽን ነው ያመመሽ?»

«ጥርሴን።»

«ያ ረቢ! ጥርስና ባል አንድ ናቸው። ሲመጡም አሳምመው፣ ሲሄዱም አሳምመው ነው።»

«እኔን ነው?» አሉ ጋሽ እንድሪስ ከመደቡ ላይ።

«ሌላ ባል አለኝ እንዴ?»

ጋሽ እንድሪስ ሳቁና መዳፋቸውን ጉንጫቸው ላይ አሳረፉ። ያመጣሁትን ማር እትዬ ሉባባ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀሉት። «ላንቺ አይቀመስም፤ ለጥርስ ጠላት ነው» አሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከማር በላይ የምወደው ነገር የለም። ለእራት ቆሮሶ ዓሣ ቀረበ፤ እኛ ከገደል ሥር የመጣን ሰዎች ዓሣ ሲቀርብልን እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነን። እትዬ ሉባባ በግራዬ ተቀምጠው አጥንቱን አንድ በአንድ በጣታቸው እየለቀሙ «በደኅናው በኩል አኝኪ» እያሉ አጎረሱኝ። እያጎረሱ አንድ ረዥም ጨዋታ ያወሩ ነበር። ጋሽ እንድሪስ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከጨዋታው የለየሁት የአባቴን ስም ብቻ ነው።

ማክሰኞ

ደሴ ሰውን የሚቀበለው በብርድ ነው። የእኛን ቆላማ ሰማይ ለምዶ የመጣ ሰው አውቶቡስ ተራ ላይ ሲወርድ ነጠላው እንዳልሸፈነው የሚያውቀው ያኔ ነው። ሆስፒታሉ ገብቼ አልጋ ሲሰጠኝ ተረኛዋ ነርስ «አስታማሚሽ የታለች?» አለችኝ።

«ብቻዬን ነኝ።»

«ብቻሽን መታከም አይሆንም። ነገ ማን ይደግፍሻል? ማን ውሃ ያቀብልሻል?»

ከጎኔ አልጋ እናቷን የምታስታምም አንዲት የደላንታ ሴት ነበረች፤ ዘነበች ትባላለች። የእናቷን ሾርባ ማንኪያ ይዛ ቀና ሳትል «እኔ አለሁላት» አለች።

«ትተዋወቃላችሁ?»

«አሁን ተዋወቅን።»

ዘነበች ባትኖር ኖሮ ያን ዕለት ወደ ቤቴ እመለስ ነበር ብዬ አምናለሁ። ማታ ከራሷ ምሳ ዕቃ አጥሚት ቀዳችልኝ። የምን ሕመም ነው ብላ አልጠየቀችኝም፤ አልጋው ራስጌ ካርዱ ተንጠልጥሎ ነበርና ማንበብ ለሚችል ሁሉ ግልጽ ነው። እሷ ማንበብ አትችልም። አልነገርኳትም።

ረቡዕ

ሐኪሟ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ፣ ድምፅዋ ለስለስ ያለ ሴት ናት። በቀኜ በኩል ተቀመጠችና ሁሉንም አስረዳችኝ። ከጆሮዬ በላይ ካለው ጡንቻ ስስ ሽፋን ተወስዶ በታምቡሩ ቀዳዳ ላይ ይለጠፋል። የሌላ ሰው አይደለም፣ ላስቲክም አይደለም፤ የራሴ ሥጋ ነው።

«መጽሐፍ እንደዚያ ነው የምጠግነው» አልኳት።

«እንዴት?»

«የተቀደደ ገጽ ላይ ሌላ ወረቀት አልለጥፍም። ከዚያው መጽሐፍ መጨረሻ ካለው ባዶ ገጽ ቀንሼ ነው። ቀለሙም፣ ውፍረቱም፣ እርጅናውም ይገጥማል።»

«ከለጠፉ በኋላስ?»

«ከድኜ አስቀምጠዋለሁ። እስኪይዝ ማንም አይገልጠውም።»

«እኛም እንደዚያው ነን» አለች። «የእኔ ሥራ ዛሬ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው የእርስዎ ነው፤ እስኪይዝ እንዳይገለጥ።»

የደነዘዘው ጆሮዬና አካባቢው ብቻ ስለነበር ሁሉንም እሰማ ነበር። ሕመም የለውም፤ ድምፅ ግን አለው። አይጥ በመጻሕፍት ክፍሌ ጣሪያ ላይ ስትፍቅ የምትሰማኝ ዓይነት ነው፤ ይቺኛዋ ግን የገባችው ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። አንቀላፋሁ፣ ነቃሁ፣ ደግሞ አንቀላፋሁ። ስወጣ ዘነበች በር ላይ ቆማ ነበር። ራሴ በፋሻ ተጠምጥሟል። «ጥምጥምሽ አምሮብሻል፣ ቄስ መስለሻል» ብላ ደገፈችኝ። ሂጃብ ለባሽ ሴት መሆኔ ትዝ ሲላት አፏን ያዘች፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ሐሙስ

ስወጣ የተሰጠኝን ማስጠንቀቂያ ለሚፈልግ ሰው ልጻፈው። ውሃ ጠብታ እንኳ ጆሮ ውስጥ እንዳይገባ። በኃይል መናፈጥ ክልክል ነው። ማስነጠስ ከመጣ አፍን ከፍቶ ማስነጠስ ነው፤ አፍ ከተዘጋ ግፊቱ ወደ ጆሮ ሄዶ ልጣፉን ያነሳዋል። ከባድ ነገር መሸከም የለም። ጆሮው ውስጥ የተጠቀጠቀው ጥጥ ከሳምንታት በኋላ በሐኪም እጅ እስኪወጣ ድረስ አይነካም። ልጣፉ ከተነሳ ሁሉም ከንቱ ነው። የአምባሰል ቁልቁለት ስለሚያናውጥ ስፌቱ እስኪፈታ ቅርብ ቦታ እንድቆይ ታዘዝኩ። ቅርብ ቦታ ማለት ሐይቅ ነው፤ ሐይቅ ማለት እትዬ ሉባባ ናቸው።

ዘነበችን ተሰናብቼ፣ ፋሻውን በሻሽ ሸፍኜ፣ ሻሹን እንደ ጥርስ ሕመምተኛ አገጬ ሥር አሰርኩት። በሩ ላይ እትዬ ሉባባ ጉንጬን በስስት እያዩ «ነቀሉት?» አሉኝ።

«አልነቀሉትም። ጠገኑት።»

ቢያንስ ይህኛው ውሸት አልነበረም።

«ማሻአላህ! አብሽሪ፣ ያልፋል» ብለው ወጥ ሁሉ ተፈጭቶ እንዲቀርብልኝ አዘዙ። ማሩ እንደተሰቀለ ነው። ማታ እንደገና በግራዬ ተቀምጠው አጥንት ለቀሙ። አሁን ግራዬ በጥጥ ተጠቅጥቆ ስለነበር ጨርሶ አልሰማም። ራሴን ነቀነቅሁ።

ዓርብ

ለውዱእ፣ ከስግደት በፊት ለሚታጠቡት፣ ውሃ ልቀዳ ስነሳ እትዬ ሉባባ «ሕመምተኛ አይደክምም» ብለው ማንቆርቆሪያውን ቀሙኝና ራሳቸው ያፈሱልኝ ጀመር። ሐሳቤ ሁሉ ጆሮዬን ማዳን ላይ ስለነበር ቀዝቃዛውን ውሃ አፌን ሞልቼ ተጉመጠመጥኩ።

«አላመመሽም?» አሉ ደንግጠው።

«ደንዝዟል» አልኩ።

ጆሮ ማበሱ ላይ ስደርስ እጄን በሻሹ ላይ አሳለፍኩት። በተጠቀለለ ቁስል ላይ ማበስ እንደሚበቃ አንብቤያለሁ። እሳቸው ዓይተውኛል። ከዚያ ግን የባሰው መጣ፤ «ለጁሙዓ ጸጉርሽን ልጠብሽና ልሥራሽ» ብለው ውሃ ጥደዋል፣ ቅቤ አቅልጠዋል፣ በርጩማም አስቀምጠዋል።

«አይሆንም፣ እትዬ ሉባባ።»

«ለምን አይሆንም?»

«ብርድ ይመታኛል።»

«በዚህ ፀሐይ! አንቺ ልጅ፣ በመካው ውሃ ስም ዘምዘም ተብለሽ ውሃ ትፈሪያለሽ?» ብለው ሳቁ። እኔ አልተነሳሁም። ሳቃቸው ቀስ ብሎ ጠፋ፤ የሞቀውን ውሃ ይዘው የራሳቸውን ልብስ አጠቡበት። ቀኑን ሙሉ በትንሹ ኩርፊያ ውስጥ ነበሩ፤ ኩርፊያቸውም ቢሆን ፍቅር ነበረው፣ ምሳዬን ከሌላው ቀን አብዝተው ነው ያቀረቡት።

እሑድ

ከዓርብ ወደ እሑድ እሻገራለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ወደ ሐይቁ ወረድን። ጋሽ እንድሪስ በደረቀ በቆሎ ጥሬ ጉንጫቸውን ሞልተው እየቆረጠሙ መንገድ ይመራሉ። እትዬ ሉባባ በቀኜ ሄዱ። ባጃጅ ከኋላችን ሲመጣ ክንዴን ይዘው ወደ ዳር ሳቡኝ። ከሐይቁ ማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች በጥላቸው ላይ ተደፍተው ይታያሉ። ጋሽ እንድሪስ የትኛው መረብ የማን እንደሆነ፣ የትኛው ጀልባ አምና እንደሰመጠ ነገሩኝ። እኛ ዘንድ ውሃ የሚታየው ሲሄድ ነው፤ በክረምት ይመጣል፣ ገደሉን ይወርዳል፣ ያልፋል። ቁጭ ብሎ ሰው የሚጠብቅ ውሃ ለእኔ ዛሬም እንግዳ ነው። ጫማዬን ሳወልቅ እትዬ ሉባባ «እግርሽን ብቻ!» ብለው ጮኹ፤ ልጇን የምታጥብ አንዲት እናትም «ልጅሽን ያዢልኝ፣ ውሃ እንዳይረጫት!» ተባለች።

በሚቀጥለው ረቡዕ ደሴ ሄጄ ስፌቱ ተፈታ። ዘነበችና እናቷ ሄደው ነበር፤ አልጋቸው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። ሐሙስ ወደ አምባሰል ተመለስኩ፤ ረዳቱን «ከሾፌሩ ኋላ፣ በመስኮቱ በኩል ነው የምቀመጠው» ስለው በራሴ ድምፅ ደነገጥኩ። እሱ ግን «እሺ እናቴ» ብሎ ቦታውን ሰጠኝ።

ጥጡ የወጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ሐኪሟ በመብራቷ አየችና «ይዟል» አለች። ሁሉንም ሰማሁ ብል እዋሻለሁ፤ የግራው ዛሬም ከቀኙ ያንሳል። ነገር ግን በመጻሕፍት ክፍሌ ቀኜን በመዳፌ ሸፍኜ ገጽ ስገልጥ በግራዬ ይሰማኛል። ትራሴም ደርቋል። አሊ ከገደሉ በላይ ሲጠራኝ አሁንም ዞር ዞር እላለሁ፤ እሱ ግን የገደሉ ጥፋት ነው፣ የእኔ አይደለም።

ቅዳሜ

ልብ ብሎ ያነበበ ቅዳሜን እንደዘለልኳት አይቷል። መጻፍ ስለከበደኝ ወደ መጨረሻ አስቀረኋት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እትዬ ሉባባ ከገበያ የተመለሱት ብቻቸውን አልነበረም። ጎረቤታቸው እትዬ ጥሩ አብረዋቸው ነበሩ። እትዬ ጥሩ ጾም የማይገድፉ ክርስቲያን ናቸው፤ በሰፈሩ የጥርስ ትል በጭስ የሚያወጡት እሳቸው ሲሆኑ፣ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም እኩል ያወጣሉ ይባላል። የደረቀ የእምቧይ ፍሬ፣ ቅቤ፣ አንድ የሸክላ ስባሪና ውሃ ያለበት ሳህን ይዘዋል። ስባሪው ከሰል ላይ ተቀመጠ።

«የደሴዎቹ ጠገኑት አልሽ» አሉ እትዬ ሉባባ፤ ኩርፊያቸው ሌሊቱን ወደ ሐሳብ ተለውጦ ነበር። «ውሃ የምትፈሪው፣ ፊትሽ የጠቆረው ለዚህ ነው። ጥርሱ ከተደፈነ ትሉ ውስጥ ቀረ ማለት አይደል?»

«እንዴታ!» አሉ እትዬ ጥሩ። «ሌባው ቤት ውስጥ እያለ በሩን ቆለፉበት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ስባሪው ሲግል ቅቤና የእምቧይ ፍሬ ይጨመርበታል፤ ሕመምተኛው ጋቢ ተከናንቦ አፉን ከፍቶ በጭሱ ላይ ይደፋል፤ ያስለዋል፣ ያስነጥሰዋል፣ ያልበዋል፤ ትሉም ሳህኑ ውሃ ላይ ይረግፋል ይባላል። አትናፈጪ፣ ስታስነጥሺ ተጠንቀቂ ለተባለ ሰው ከዚህ የባሰ ቦታ የለም። ሌላ ውሸት ፈለግሁ። ነፍሰ ጡር ነኝ ልል ሁሉ ቃጣኝ።

«ዛሬ ይቅርብኝ» አልኩ።

«ለአንቺ ብላ ሥራ ፈታ መጥታ!» አሉ እትዬ ሉባባ። እውነታቸውን ነው። እትዬ ጥሩ ከሰሉን በእጃቸው ያራግባሉ፤ ጋሽ እንድሪስ ጋቢያቸውን አውልቀው ለእኔ አቀበሉ። ሰው ሲወደኝ እምቢ ማለት አልችልበትም። ተቀመጥኩ። ጋቢው ወረደብኝ፤ ጨለመ። ቅቤው ተንጫጫ። የመጀመሪያው ጭስ አፍንጫዬን ነካውና ማስነጠሴ ከሆዴ ሲነሳ ታወቀኝ። አፌን እንደተማርኩት እስከ መጨረሻው ከፈትኩና በሕይወቴ አስነጥሼ በማላውቀው ድምፅ አስነጠስኩ።

«ወጣ! ወጣ!» አሉ እትዬ ጥሩ።

ጋቢውን ወርውሬ ተነሳሁ። መዳፌ በሻሹ ላይ፣ ጆሮዬ ላይ ነበር። ልጣፉ ቦታው ላይ ይሁን አይሁን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። እትዬ ሉባባ እጄን አዩት።

«ጥርስሽ እዚያ ነው ያለው?»

«ጥርሴ አይደለም» አልኩ። «ጆሮዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። የተቀደደውን ታምቡር፣ የተለጠፈውን ሥጋ፣ ጭሱ ሊያበላሸው እንደሚችል ነገርኳቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ መግል ይፈሰው እንደነበር፣ መስኮት ሥር ለብቻዬ እቀመጥ እንደነበር ነገርኳቸው። በመጨረሻ ለማንም ያላልኩትን አልኩ፤ «ይሸት ነበር» አልኩ፣ ፊታቸውን እያየሁ።

የእትዬ ሉባባ ፊት ተለወጠ። ተቆጡ።

«ዓሣ አጥንት ስለቅም የከረምኩት ለጆሮሽ ነው?»

«አዎ።»

«ማሩንስ የሰቀልኩት?»

«አዎ።»

«ትናንት ደግሞ በዚህ እጄ ጸጉርሽን አጥቤ ጆሮሽን ላጠፋው ነበር!» ብለው እጃቸውን አገላብጠው አዩት፤ ቁጣው እዚያው እጃቸው ላይ አለቀ። ወንበር ላይ ወጥተው ማሩን አወረዱና ከፊቴ አስቀመጡት።

«ታዲያ ጭሱ በከንቱ ሊቀር ነው?» አሉ እትዬ ጥሩ። ዞር ብለው ጋሽ እንድሪስን አዩ። ጋሽ እንድሪስ ሰኞ እንዳየኋቸው መዳፋቸውን ጉንጫቸው ላይ አሳርፈዋል። «ጋሽ እንድሪስ፣ ያ ጉንጭ ከረመዳን ጀምሮ እጅ ላይ ነው። ይምጡ።»

«ኧረ እኔ ደኅና ነኝ…»

«ሁላችሁም ደኅና ናችሁ!» አሉ እትዬ ሉባባ። «በዚህ ቤት የሚያመውን የሚናገር የለም?» ጋቢውን አንስተው በባላቸው ላይ ጣሉት።

ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ።

«ደኅናው የትኛው ነው?»

«ቀኙ።»

«እኔ ስቀመጥ የከረምኩት በግራሽ ነው። ሰኞ ማታ ስለ አባትሽ ያጫወትኩሽን አልሰማሽም?»

«አልሰማሁም።»

«ታዲያ በምን ስትስቂ ነበር?»

«እርስዎ ሲስቁ አይቼ ነው።»

መቀመጫቸውን አነሱ፣ በከሰሉ ዙሪያ ዞሩ፣ በቀኜ መጥተው ተቀመጡ። ጉልበታቸው ጉልበቴን ነካው።

«እንግዲያው ከሰኞ እንጀምር» አሉ። «አባትሽ ያን ዓመት ማሩን ሸጠና ገበያውን ሲዞር ዋለ። ‹ምን ልትገዛ ነው?› ሲሉት፣ ‹መጽሐፍ› ይላል። እንድሪስ መጽሐፍ ሻጩ ጋ ወሰደው። ሻጩ የትኛውን ቢለው አባትሽ፣ ‹ለልጄ ነው። ዝምታ ትወዳለች። ማንም ሳያነብላት ለብቻዋ የምታነበው፣ ቶሎ የማያልቅባት፣ ወፍራሙን ስጠኝ› አለው። ሻጩ አንዱን ወፍራም አነሳና ገልጦ አየው። ‹ይሄ የመኪና ጥገና ነው። መኪና አላችሁ?› ቢለው፣ አባትሽ…»

«‹መኪና የለኝም፣ ልጅ አለችኝ›!» አለ ከጋቢው ሥር እየሳለ የጋሽ እንድሪስ ድምፅ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከእነሱ ዘግይቼ፣ ግን በምን እንደምስቅ አውቄ።